«በየስምንት ሰዓቱ» ማለት «በስምንት ሰዓት» ማለት አይደለም

በአቃቂና በቃሊቲ ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠሩ እናቶች ጊዜን ባለማወቅ የሚታሙ አይደሉም። የጧቱ ፈረቃ የሚገባበትን፣ የማታው የሚወጣበትን፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለስበትን ሰዓት እስከ ደቂቃው አስልተው የሚኖሩ ናቸው። ሆኖም ጊዜን እንዲህ ጠንቅቃ የምታውቅ እናት፣ ልጇ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ዘርግቶ «እማዬ፣ ሁለት ሰዓት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» ሲላት ትቸገራለች። «ቱ ኦክሎክ» ብትለው ተሳሳተች። «ኤይት ኦክሎክ» ብትለው ደግሞ «እሱማ ስምንት ማለት ነው» ብሎ ይሟገታታል።

ይህን ጉዳይ በዚህ ዓምድ ልናነሳው የፈለግነው ግን ለልጆች የቤት ሥራ ብቻ ብለን አይደለም። ጊዜንና ዕድሜን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ዛሬ በየቤታችን ገብተዋል። በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ፣ በአውሮፕላን ቲኬት ላይ፣ በልዩ ልዩ ፎርሞች ላይ ይገኛሉ። በነዚህ ላይ የሚፈጸም ስሕተት እንደ ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ የሚታለፍ አይደለም።

በአቃቂ የምትኖር አንዲት የሦስት ልጆች እናት ያጫወተችንን እንደ ምሳሌ እናንሳ። ትንሹ ልጇ ታሞ የሚጠጣ መድኃኒት ታዘዘለት። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታላቅ እህቱ አነበበችና «እማዬ፣ ኤቭሪ ኤይት አወርስ ይላል፤ ስምንት ሰዓት ማለት ነው» አለቻት። እናትም የተባለችውን አክብራ፣ ቀን በስምንት ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ሌሊትም ከእንቅልፏ እየተነሳች በስምንት ሰዓት አንድ ጊዜ ስትሰጠው ሰነበተች። ትኩሳቱ ግን አልበርድ አለ። በሦስተኛው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሳ ስትሄድ ነርሷ «በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትሰጪው?» አለቻት። «ሁለቴ ነዋ። ስምንት ሰዓት ቀንና ስምንት ሰዓት ሌሊት፤ አንድም ቀን አላሳለፍኩም» ስትል መለሰች። በቀን ሦስት ጊዜ መወሰድ የነበረበት መድኃኒት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሰጥ መቆየቱ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ልጅቱ ቃሉን አላወቀችም ማለት አይቻልም። «ኤይት» ስምንት ነው፤ «አወር» ሰዓት ነው። ችግሩ ያለው «ሰዓት» በሚለው በራሳችን ቃል ላይ ነው። እኛ የጊዜውን ርዝመት ሰዓት እንላለን፤ ጊዜው የደረሰበትን ነጥብ ሰዓት እንላለን፤ በክንዳችን የምናስረውንም ሆነ ግድግዳ ላይ የምንሰቅለውን ሰዓት እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል አለው። ርዝመቱ «አወር» ነው። የደረሰበት ነጥብ «ኦክሎክ» ነው። የክንዱ «ዎች»፣ የግድግዳው «ክሎክ» ይባላል። «ስንት ሰዓት ነው?» ለማለት ደግሞ ከነዚህ አንዱንም ሳይነኩ «ዋት ታይም ኢዝ ኢት?» ይላሉ። ስለሆነም በጠርሙስ ላይ «አወርስ» የሚል ቃል ከቁጥር ጋር ሲገኝ በሁለት መስጫዎች መካከል ያለውን ርቀት ይናገራል እንጂ የግድግዳውን ሰዓት አይደለም። «ኤቭሪ ኤይት አወርስ» የተባለውን መድኃኒት ጧት በ12 ሰዓት የጀመረች እናት ቀጥሎ ቀን በ8 ሰዓት፣ ከዚያም ማታ በ4 ሰዓት ትሰጣለች። «ኤቭሪ ሲክስ አወርስ» ከሆነ በቀንና በሌሊት አራት ጊዜ፣ «ኤቭሪ ትወልቭ አወርስ» ከሆነ ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው። ከመድኃኒት ቤቱ ከመውጣት በፊት ባለሙያውን «በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ሰዓት ልስጥ?» ብሎ በአማርኛ ማጻፍ ነውር የለበትም።

አሁን ወደ ልጁ የደብተር ጥያቄ እንመለስ። የእኛ አቆጣጠር ቀኑን የሚጀምረው ከንጋት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ክረምት ከበጋ የቀንና የሌሊቱ ርዝመት እምብዛም አይለዋወጥም፤ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ሰዓት ሆነ ማለት ለእኛ የሚመች አቆጠራ ነው። በኬንያና በታንዛንያ በስዋሂሊ የሚነጋገሩ ሰዎችም እንደኛው ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ «ሳ ሞጃ» ሲሉ ቃሉ አንድ ሰዓት ሆኖ እንግሊዞች ሰባት የሚሉትን ጊዜ ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛው ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ አይጨምርም አይቀንስም።

ይህን ለልጅ ለማስረዳት መደመርና መቀነስ አያስፈልግም። ከካርቶን ክብ ቆርጦ ቁጥሮቹን መጻፍና ሁለት የመጥረጊያ ስንጥር በመርፌ መሐሉ ላይ መሰካት ይበቃል። በሰዓት ፊት ላይ የእኛ ሰዓትና የእንግሊዝኛው ሰዓት ምንጊዜም ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከ2 ትይዩ 8 አለ፤ ከ3 ትይዩ 9፣ ከ4 ትይዩ 10፣ ከ12 ትይዩ 6 አለ። ልጁ ቁጥሯን ባየ ቁጥር ጣቱን ወደ ማዶ ይላክ። ደቂቃው ስለማይለወጥ «ሩብ»፣ «ተኩል»፣ «ለሩብ ጉዳይ» የምንላቸው «ኳርተር ፓስት»፣ «ሃፍ ፓስት»፣ «ኳርተር ቱ» ሆነው በቀጥታ ይሄዳሉ። በእንግሊዝኛ ሩቡና ተኩሉ ከሰዓቱ ቀድሞ እንደሚነገር ብቻ ያስታውስ፤ እኛ «ሁለት ሰዓት ተኩል» ስንል እነርሱ «ሃፍ ፓስት ኤይት» ይላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ግን በካርቶን ሰዓት ብቻ የሚፈታ አይደለም። «ኤ ኤም» እና «ፒ ኤም» የሚባሉት ሁለት ምልክቶች ከላቲን የመጡ ሲሆኑ ከቀትር በፊትና ከቀትር በኋላ ማለት ናቸው። «ኤ ኤም» ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ይዘልቃል። ስለዚህ ለእኛ ገና ሌሊት የሆነው፣ ቡዳ እንኳ ያልተኛበት የሚባለው ውድቅት፣ በእንግሊዝኛው የነገው ቀን ጧት ሆኖ ይቆጠራል። በዚህ የተነሳ ብዙ ቤተሰብ ሊጎዳ ይችላል። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ እህት ቲኬቷ ላይ ማክሰኞ «ቱ ኤ ኤም» ቢል፣ ወይም በ24 ሰዓት አጻጻፍ 02:00 ቢል፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ከቤቷ ወጥታ ወደ ቦሌ ማምራት ያለባት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ራቷን በልታ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰናብታ ብትነሳ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ተቃርቧል። «አጥቢያ» የምትለዋ ቃላችን ይህን አደናጋሪ ነገር በአንድ ቃል የምትፈታ በመሆኗ፣ ቲኬት ስናነብ ሁልጊዜ ወደ እርሷ መልሰን ብናነብ እንጠቀማለን።

በነገራችን ላይ «ጉድ ናይት» ሰላምታ አይደለም። ማታ ከሰው ጋር ስንገናኝ «ጉድ ኢቭኒንግ» ነው የሚባለው፤ «ጉድ ናይት» ስንለያይ፣ ደህና እደር ለማለት ነው። ልጆች ይህን ሲያቀያይሩ እንግዳውን ገና ከበር ሳይገባ ያሰናብቱታል።

ስለ ቀናትና ስለ ሳምንት ስናነሳ ደግሞ አማርኛችን ሀብታም ሆኖ እንግሊዝኛው ድሃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። «አምና» እና «ካቻምና» ብለን በአንድ አንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛ «ላስት ይር» እና «ዘ ይር ቢፎር ላስት» ብሎ ያንዛዛዋል። «ቅድም» ለምትለዋ ትንሽ ቃል ልክ የሚሆንላት አቻ በዚያ በኩል አይገኝም። ነገር ግን «ዘንድሮ» ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኛ ዓመት የሚለወጠው በመስከረም፣ የእነርሱ በጃንዋሪ ነው። በኅዳር የተወለደ ሕፃን በጥር ላይ ሆነን ስናወራ ለእኛ የዘንድሮ ልጅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ላስት ይር» ተወለደ ይባላል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የሳምንት አቆጣጠር ነው። «ሳምንት» የሚለው ቃል ከስምንት ጋር ዘመድ ነው፤ «የዛሬ ስምንት ቀን ተመለሺ» ሲባልም ዛሬን ጨምሮ መቁጠሩ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ከሆነ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። የዛሬ 15 ቀን ሲባልም እንደዚሁ ዛሬ ተቆጥራ ሁለት ሳምንት ነው። እንግሊዞች ግን ዛሬን ስለማይጨምሩ ሰባትና አሥራ አራት ቀን ይላሉ፤ ሁለት ሳምንትን «ፎርትናይት» የሚሉትም አሥራ አራት ሌሊት ከሚል ድሮ ከነበረ አነጋገር ወስደው ነው። በክትባት ካርድ ላይ ዕድሜው በ«ዊክስ»፣ ይኸውም በሳምንታት መነገሩ ስለዚህ ሊስተዋል ይገባል። ሕፃኑ ሲወለድ ከሚሰጠው ቀጥሎ ያሉት ክትባቶች በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ የኩፍኝ የመጀመሪያው ደግሞ በ9 ወር ይሰጣል። ስድስት ሳምንት አንድ ወር ተኩል ተብሎ በግምት የሚታለፍ አይደለም፤ 42 ቀን ነው። ማክሰኞ የተወለደ ልጅ ስድስት ሳምንት የሚሞላው በማክሰኞ ዕለት ነው። ወንድ ልጇን በ40 ቀኑ ክርስትና የምታነሳ እናት ድግሱ ካለፈ በሁለት በሦስት ቀን የክትባቱ ቀን መድረሱን ብትይዝ ወረቀት መቁጠር አያሻትም። ለሴት ልጅ ግን 80ኛውን ቀን መጠበቅ አይሆንም፤ በዚያ ጊዜ ሁለተኛው ክትባት እንኳ ደርሶ አልፏል፤ 10 ሳምንት 70 ቀን ነውና።

አሁን ወደ ዓመተ ምሕረቱ እንሂድ። በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት መኖሩን የማያውቅ የለም። ልዩነቱ የመጣው የክርስቶስ ልደት የዋለበትን ዓመት የጥንት ሊቃውንት በተለያየ መንገድ በማስላታቸው ነው። ከመስከረም 1 ቀን አንሥቶ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ይሆናል። ከቃሊቲ የሚነሳው የከተማ ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2015 ይሆናል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ በእነርሱ ጁላይ 8 ቀን 1979 ነው። አንደኛው ላይ ሰባት፣ ሁለተኛው ላይ ስምንት መደመሩን ልብ ይሏል።

ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብለናል። የሚያውቀው ግን ፎርም ሲሞላ ነው እንጂ ወጥ ቤት ቆሞ ቆርቆሮ ሲከፍት አይደለም። ከውጭ በሚገቡ መድኃኒቶችና የሕፃናት ምግቦች ላይ «ኢ ኤክስ ፒ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ይገኛሉ። «ኤክስፓየሪ» የሚለው ቃል አጥሮ ነው፤ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ጊዜ ማለት ነው። ከአጠገቡ «ኤም ኤፍ ጂ» የሚል ካለ የተሠራበት ቀን ነው። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ላይ ከ«ኢ ኤክስ ፒ» ቀጥሎ 06/2024 ተብሎ ተጽፏል እንበል። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መደርደሪያዋን የምታጸዳ እናት ቁጥሩን አይታ «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብላ ብታስቀምጠው ማን ይፈርድባታል? መድኃኒቱ ግን ጊዜው ያለፈው በጁን 2024 መጨረሻ፣ ማለትም በሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ቁጥር የተጻፈ ዓመት ሁሉ ከእኛው ዓመት በልጦ ስለሚታይ ያረጀውን አዲስ፣ የተበላሸውን ደህና ያስመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዕቃው ከመድኃኒት ቤት እንደመጣ በሰፊ ብዕር በእኛ ወርና ዓመት ጀርባው ላይ መጻፍ ነው። የአገር ውስጥ ምርት ሲሆን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሻጩን መጠየቅ ይሻላል።

የልጆች ዕድሜ ላይም ይኸው መደበላለቅ ይደርሳል። ለማስረጃ አንድ ሁላችን የምናከብረውን ሰው እንውሰድ። ሻምበል አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ሲሆን በእንግሊዝኛው ኦገስት 7 ቀን 1932 ነው። በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ከ1952 ላይ 1924 ሲቀነስ 28 ነው። ከ1960 ላይ 1932 ሲቀነስም 28 ነው። ዕድሜ በማንም አቆጣጠር አይለወጥም። ነገር ግን አንዱን ከእኛ፣ አንዱን ከእነርሱ ወስዶ ከ1960 ላይ 1924 የቀነሰ ሰው አበበን የ36 ዓመት ጎልማሳ ያደርገዋል። ልጆቻችንም በየፎርሙ ላይ በዚህ መንገድ ስምንት ዓመት ሊያረጁ ወይም ሊያንሱ ይችላሉ። «ዴት ኦፍ በርዝ» በሚለው ቦታ ላይ የምንጽፈው የትውልድ ቀን ከፎርሙ የዛሬ ቀን ጋር በአንድ አቆጣጠር መሆኑን ሳናይ አንፈርም።

ከቁጥሩ ሌላ የአነጋገሩም ነገር አለ። «ልጄ ስድስት ዓመቷን ያዘች» ስንል አምስቱን ጨርሳ ስድስተኛውን ጀመረች ማለታችን ነው። «ስድስት ዓመት ሞላት» ስንል ግን ስድስቱን ጨረሰች። እንግሊዝኛ የሚቆጥረው የሞላውን ብቻ ነው። ስድስት ዓመቷን የያዘች ልጅ ስድስተኛው የልደት ቀኗ እስኪደርስ ድረስ «ፋይቭ ይርስ ኦልድ» ትባላለች። በሽሮፕ መድኃኒት ላይ መጠኑ በዕድሜ ተከፋፍሎ ስለሚጻፍ በ«ያዘ» እና በ«ሞላ» መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ማንኪያ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ሲመዘገቡም «ኤጅ» በሚለው ሥር የሚጻፈው የሞላው ነው።

«ፋይቭ ይርስ ኦልድ» ውስጥ ያለው «ኦልድ» ብዙዎችን ያስቃል። «ሃው ኦልድ አር ዩ?» የሚለውን ጥያቄ ቃል በቃል የተረጎመ ተማሪ «ምን ያህል አሮጌ ነሽ?» ብሎ ያስቀምጠዋል። «ኦልድ» እዚህ ላይ እርጅናን አይናገርም፤ የአንድ ወር ጨቅላም «ዋን መንዝ ኦልድ» ነው። ዕቃ ላይ ሲመጣ አሮጌ፣ ተቃራኒው «ኒው» ነው፤ ሰው ላይ ሲመጣ ያረጀ፣ ተቃራኒው «ያንግ» ነው። «ኦልድ ፍሬንድ» ደግሞ ሽማግሌ ወዳጅ ሳይሆን የጥንት ወዳጅ ነው። ታላቅ እህት «ኤልደር ሲስተር»፣ ታናሽ እህት «ያንገር ሲስተር» ትባላለች።

በዕድሜ ደረጃ በኩል «ቲንኤጀር» የሚለው ቃል በየቤቱ ይነገራል እንጂ ወሰኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከ13 እስከ 19 ያሉት ቁጥሮች በእንግሊዝኛ መጨረሻቸው «ቲን» ስለሆነ የመጣ ስያሜ ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ገና አልደረሰበትም። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»፣ ይኸውም አሥራ አምስትና አምሳ፣ በጆሮ የሚቀራረቡ በመሆናቸው በመጀመሪያው ላይ መጨረሻውን ሳብ አድርጎ መናገር ይገባል። «እትዬ»፣ «ጋሼ»፣ «እማማ»፣ «አባባ» ለምንላቸው የማዕረግ አጠራሮች ግን እንግሊዝኛ አቻ የለውም፤ ለሕፃኑም ለአዛውንቱም «ዩ» ብሎ ይገላገላል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ማዶ ቤት ላሉት አባባ እንዳይሞክሩት ማሳሰብ የእናት ፈንታ ነው።

እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶቻችን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱም ሌላው ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ነው። እናት ቋንቋውን ባታውቀው እንኳ የጊዜውን ትምህርት ማገዝ ትችላለች፤ ግማሹ ዕውቀት በእጇ ነውና። በ1971ዱ ዘመቻ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ፊደል የቆጠሩ አያቶች ዛሬም በየሠፈሩ አሉ፤ ባሕረ ሐሳቡን፣ የጾሙን መግቢያ፣ የወሩን በዓላት በቃላቸው ይዘውታል። ሕፃኑ የእንግሊዝኛውን ወር ስም ይናገር፣ አያቱ በዚያ ወር የሚውለውን በዓል ይንገሩት። «ጃንዋሪ» ሲባል ጥምቀት፣ «ሴፕቴምበር» ሲባል እንቁጣጣሽና መስቀል ይመጣሉ። በባዶ ቃሉ ከመሸምደድ ይልቅ እንዲህ የተያዘ ስም አይረሳም።

አንዲት አንባቢ በጳጉሜን 6 ቀን ስለተወለደ ልጇ ጠይቃናለች፤ በየአራት ዓመቱ ብቻ የምትመጣ ቀን ስለሆነች የእንግሊዝኛው ፎርም ላይ ምን ልጻፍ ነው የምትለው። እንግሊዝኛ ለጳጉሜን የሚሆን ወር የለውም፤ ቀኖቹ በሴፕቴምበር ውስጥ ይገባሉ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ተብሎ ይጻፋል። ሴፕቴምበር 11 ደግሞ ከአራት ዓመት በሦስቱ መስከረም 1 ቀን ነው፤ ስለዚህ ልጇ በፎርሙ መሠረት ልደቱን የሚያከብረው አብዛኛውን ጊዜ ከእንቁጣጣሽ ጋር ነው።